72 ሰዓት፦ ፈጣን ሩጫ እና የማገገሚያ ጊዜ በሴቶች እግር ኳስ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2024 የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ከዛምቢያ ጋር የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ጨዋታ አደረገ። ከሦስት ቀን በኋላ በማርሴይ ጀርመንን ገጠመ። ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው በማርሴይ አውስትራሊያን፣ ሌላ ሦስት ቀን ቆይቶ በፓሪስ ጃፓንን፣ አሁንም ከሦስት ቀን በኋላ በሊዮን እንደገና ጀርመንን ተፋለመ። ኦገስት 10 ቀን ወደ ፓሪስ ተመልሶ ብራዚልን 1 ለ 0 በማሸነፍ የወርቅ ሜዳሊያውን አጠለቀ። በ17 ቀናት ውስጥ ስድስት ጨዋታ መሆኑ ነው። ከጃፓን ጋር የተደረገው የሩብ ፍጻሜና ከጀርመን ጋር የተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ወደ ጭማሪ ሰዓት ስላመሩ፣ የባከኑት ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ ቡድኑ ሜዳ ላይ የቆየው 600 ደቂቃ ነው።

በስድስቱም ጨዋታዎች በመሐል ተከላካይነት የተሰለፈችው ናኦሚ ግርማ ናት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ የተወለደችው ናኦሚ ከኦሊምፒኩ ስድስት ወር ገደማ በኋላ ከሳን ዲዬጎ ዌቭ ወደ ቸልሲ ስትዛወር በሴቶች እግር ኳስ ታሪክ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆናለች። ስለ ዝውውሩ ብዙ ተብሏል። ያን ያህል ያልተነገረው፣ በየሦስት ቀኑ ለ90 እና ለ120 ደቂቃ የሚጫወት አካል በጨዋታዎቹ መካከል ምን እንደሚደርስበት ነው። ጉዳዩን በቁጥር የመረመሩ ጥናቶች የሚነግሩን ነገር ለአሰልጣኞች ብቻ ሳይሆን የውድድር ቀን ለሚቆርጡ ባለ ሥልጣናትም የማይመች ነው።

በአንድ ጨዋታ ምን ያህል ይሮጣል?

በዴንማርካዊው ተመራማሪ ፒተር ክሩስትሩፕ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት በዘርፉ ደጋግሞ ይጠቀሳል። በዴንማርክ ከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ ሴቶች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 10.3 ኪሎ ሜትር ሲሸፍኑ፣ ከዚህ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የተሮጠው 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የልባቸው አማካይ ምት በደቂቃ 167 ሲሆን ይህም ከከፍተኛው አቅማቸው 87 በመቶ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማግኒ ሞር እና ባልደረቦቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ የላቁ ተጫዋቾችን ከእነርሱ በታች ካሉት ጋር አነጻጸሩ። በጠቅላላ ርቀት የጎላ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ የታየው በፍጥነቱ ላይ ነው። የላቁት በከፍተኛ ፍጥነት 28 በመቶ የበለጠ ሲሮጡ በሙሉ ኃይል የተሮጠው ርቀት ደግሞ 460 ሜትር ደርሶ ነበር፤ የሌሎቹ 380 ሜትር ነው።

460 ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። የአትሌቲክስ ሜዳን አንድ ጊዜ ከመዞር ብዙም አይበልጥምና። ነገር ግን ይህ ርቀት በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም። አብዛኛው የእግር ኳስ ፈጣን ሩጫ ከ20 ሜትር ያነሰና በጥቂት ሰከንዶች የሚፈጸም ስለሆነ፣ ተጫዋቿ 460 ሜትሩን ለመሸፈን ደጋግማ ትነሳለች፣ ደጋግማም ትቆማለች። ጨዋታን የሚወስኑት ቅጽበቶችም ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በእነዚህ አጫጭር ሩጫዎች ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ «ፈጣን ሩጫ» የሚለው ቃል በምን እንደሚለካ ማየት ያስፈልጋል። ፊፋ የ2019ኙን የፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሲተነትን በሰዓት ከ19 እስከ 23 ኪሎ ሜትር ያለውን በከፍተኛ ፍጥነት የተሮጠ፣ ከ23 በላይ ያለውን ደግሞ በሙሉ ኃይል የተሮጠ አድርጎ መድቧል። በወንዶቹ ትንታኔ የተለመዱት ወሰኖች 20 እና 25 ኪሎ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። የወንዶቹ ወሰን በሴቶቹ ላይ ሲተገበር በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሮጠች ተጫዋች፣ ለእርሷ አቅም እጅግ ከባድ የሆነው ሩጫዋ በሙሉ ኃይል ከተሮጠው መዝገብ ይጠፋል። መሣሪያው ያላየውን ድካም አሰልጣኙም አያየውም። ልምምዱ ከጨዋታው ይቀላል፤ የጨዋታው ቀን ሲደርስ ጡንቻው ያልለመደውን ይጠየቃል።

መለኪያው ራሱም ጉድለት አለው። ተጫዋቾች ከማሊያቸው ሥር በሚለብሱት ሰደርያ ውስጥ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል የሚቀመጠው የሳተላይት መከታተያ ብዙውን ጊዜ ቦታን የሚመዘግበው በሰከንድ 10 ጊዜ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ተጫዋች በሁለት ምዝገባዎች መካከል 83 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች። በቀጥታ ለሚሮጥ ሰው ይህ በቂ ነው። በድንገት ለምትቆምና ለምትዞር ተጫዋች ግን በጣም ከባዱ ነገር የሚፈጸመው በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ሌላ ዳሳሽ በውስጡ የያዘው በከፊል ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ መውደቅ

ተመልካች የሚደነቀው በመፍጠን ነው። ለአካል ግን መቆምም ከመፍጠን ባልተናነሰ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜም የሚበልጠውን ጉዳት የሚያስከትለው እርሱ ነው።

60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ተጫዋች በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ አካሏ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 930 ጁል ገደማ ነው። ፍጥነቷ ወደ 30 ሲያድግ ኢነርጂው 2,080 ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ኢነርጂው ከእጥፍ በላይ ያደገው፣ ኢነርጂ የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ስለሆነ ነው። ይህን ቁጥር በሌላ መልክ ለማየት፣ ያው 60 ኪሎ ግራም ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ መሬት ላይ ሲደርስ የሚይዘው ኢነርጂ ከዚህ ጋር እኩል ነው። የኳሱ አቅጣጫ ተለውጦ ተጫዋቿ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ መቆም ካለባት፣ ያ ሁሉ ኢነርጂ መጥፋት አለበት። ስሌቱ በአማካይ 1,400 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ከሚፈልገው ጋር የሚቀራረብ ነው። መኪና ይህን ኢነርጂ በፍሬኗ ሸራ ላይ ወደ ሙቀት ትለውጠዋለች። ሰው የፍሬን ሸራ የለውም። ያለው የጭንና የባት ጡንቻ ነው።

ጡንቻው ፍሬን የሚሆነው እየተለጠጠ በመሳብ ነው። ደረጃ ስንወርድ የፊት ጭናችን የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ተራራ ወርዶ በማግስቱ ጭኑ የታመመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እየተለጠጠ የሚሳብ ጡንቻ ከማንኛውም ሌላ ሥራ ይልቅ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ይጎዳሉ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሚሰማው ሕመም፣ እንዲሁም በደም ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ክሬቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም የዚህ ጉዳት ምልክቶች ናቸው።

በሙሉ ፍጥነት በሚሮጥበት ጊዜም ፍሬኑ አይተኛም። በስፖርቱ ሰፈር ሃምስትሪንግ የሚባለው የኋላ ጭን ጡንቻ፣ እግሩ ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ከመንካቱ በፊት ባለው ቅጽበት ወደ ፊት የሚበረውን ቅልጥም ይዞ ያቀዘቅዛል። ጡንቻው በጣም የሚለጠጠውም ያን ጊዜ ነው። በሩጫ ላይ እጇን ወደ ኋላ ጭኗ ሰዳ በድንገት የምትቆም ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳችው በዚህ ቅጽበት ነው። የፍጥነት ጥቂት ጭማሪ በዚህ ጡንቻ ላይ ያለውን ጫና እጅግ ስለሚያበዛው፣ በ80 በመቶ ፍጥነት ብቻ እየተለማመደች የቆየች ተጫዋች ለ100 በመቶው ተዘጋጅታለች ማለት አይቻልም። ብዙ የብቃት ባለሙያዎች በሳምንቱ መካከል አንድ ሁለት ጊዜ ከሙሉ ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ሩጫ እንዲኖር የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። ፈጣን ሩጫ ጡንቻን የሚጎዳውን ያህል ከጉዳትም ይከላከላል፤ ነገሩ የመጠንና የጊዜ ነው።

የስፔኗ ሳልማ ፓራዩኤሎ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። ይህች ወጣት ወደ እግር ኳስ ሙሉ በሙሉ ከመግባቷ በፊት የ400 ሜትርና የመሰናክል ሯጭ ነበረች፤ በ15 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2019 በግላስጎው የአውሮፓ የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተወዳድራለች። በ2023ቱ ዓለም ዋንጫ በሩብ ፍጻሜው ተቀይራ ገብታ በ111ኛው ደቂቃ ኔዘርላንድስን፣ በግማሽ ፍጻሜውም ተቀይራ ገብታ በ81ኛው ደቂቃ ስዊድን ላይ ግብ አስቆጥራለች። ስፔን ዋንጫውን ስታነሳ የውድድሩ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተብላ ተሸለመች። የደከሙ ተከላካዮች ፊት ያልደከመ ሯጭ ማቆም ምን ያህል ስሌት እንዳለው ሁለቱ ደቂቃዎች ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ያው ፍጥነት ዋጋ ነበረው፤ በ2021 የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ከሜዳ ርቃ ነበር። የትራክ ሯጭ የምትታጠፈው አስቀድማ በምታውቀው መስመር ነው። እግር ኳስ ተጫዋች የት እንደምትታጠፍ የሚነግራት ኳሱና ባላጋራዋ ናቸው።

ሠላሳ ሰከንድ እና ሦስት ቀን

ማገገም የሚለው ቃል በእግር ኳስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሉት። አንደኛው በሰከንድ ይቆጥራል።

ጡንቻ በቀጥታ የሚጠቀመው ነዳጅ ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውል ነው። በጡንቻ ውስጥ ያለው ክምችት ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ አይበቃም። እርሱን ወዲያው የሚተካው ፎስፎክሬቲን ነው፤ ይህም በሙሉ ኃይል ሲሠራ በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይመናመናል። የጠፋው ፎስፎክሬቲን ግማሹ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ግን ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ተጫዋቿ ከአንድ ሩጫ በኋላ አምስት ደቂቃ አርፋ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሩጫ እንደ መጀመሪያው ይሆን ነበር። ጨዋታ ይህን አይፈቅድም። በመልሶ ማጥቃት 40 ሜትር ወደ ፊት የሮጠች የመስመር ተጫዋች ኳሱ ሲነጠቅ ያንኑ 40 ሜትር ወደ ኋላ ትሮጣለች። ሁለተኛውን ሩጫ የምትጀምረው ባልሞላ ታንክ ነው።

ታንኩን የሚሞላው ኦክስጅን ነው። የፍጥነት ተጫዋች ረጅም ርቀት መሮጥ ምን ይጠቅማታል ለሚለው የቆየ ክርክር አንዱ መልስ ይህ ነው። ጥሩ የኦክስጅን አጠቃቀም ያላት ተጫዋች በመጀመሪያው ሩጫ ላትበልጥ ትችላለች፤ በአሥረኛው ግን ትበልጣለች። የሞርና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች የላቁት ተጫዋቾች ሳይቀሩ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጡት ርቀት ከጨዋታው መጀመሪያ አንጻር በግልጽ ይቀንሳል። በዚያ ሰዓት ሌላም ነገር እያለቀ ነው፤ ከምግብ የተገኘው ስኳር በጡንቻ ውስጥ የሚከማችበት ግላይኮጅን።

ሁለተኛው ሰዓት የሚቆጥረው በቀን ነው። በዚህ ላይ ስዊድናዊቷ ሄሌና አንደርሰን እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ የተጠኑት ሴቶች ናቸውና። 17 ከፍተኛ ደረጃ ተጫዋቾች በ72 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጨዋታ አደረጉ፤ በመካከሉ ፍጥነታቸው፣ የጡንቻቸው ብርታት፣ የዝላያቸው ከፍታ እና ደማቸው በየጊዜው ተለካ። የ20 ሜትር ፍጥነታቸው በአምስት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጉልበትን የሚዘረጋው የፊት ጭን ብርታት 27 ሰዓት ወሰደ። ጉልበትን የሚያጥፈው የኋላ ጭን ብርታት 51 ሰዓት ፈጀ። የዝላያቸው ከፍታ ግን በ69ኛው ሰዓት፣ ሁለተኛው ጨዋታ ሊጀመር ሲል እንኳ አልተመለሰም ነበር።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በማግስቱ በሩጫ ሰዓት የተፈተነች ተጫዋች ጤነኛ ትመስላለች። ፈጥና ሮጣለችና አሰልጣኙ «ደርሳለች» ይላል። ያ ፍጥነት እንዳይጎዳት የሚጠብቃት ፍሬን፣ የኋላ ጭን ጡንቻ፣ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ የተጠገነ፣ ፍሬኑ ያልተጠገነ መኪና ማለት ይቻላል። በኦሊምፒኩ ከምድብ እስከ ግማሽ ፍጻሜ በአምስት ጨዋታዎች መካከል የነበረው ልዩነት ሦስት ቀን፣ ማለትም 72 ሰዓት ገደማ እንደ ነበር እዚህ ላይ ይታወሳል። ከዚያም ላይ ጥናቱ የተደረገው በ90 ደቂቃ ጨዋታ ነው፤ 120 ደቂቃ ተጫውቶ ከፓሪስ ወደ ሊዮን መጓዝ በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም።

ጥናቱ ሌላም ነገር ፈትኗል። ከተጫዋቾቹ ገሚሱ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ቀለል ያለ ብስክሌት እንዲነዱና ቀላል ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ፤ ሌሎቹ አረፉ። በማገገም ፍጥነት ልዩነት አልታየም። የበረዶ ውኃ ገንዳም እንዲሁ ከስሙ ያነሰ ነው። የሕመም ስሜትን ይቀንሳል፤ በተከታታይ ጨዋታዎች ወቅት ይህ ብቻውን ሊጠቅም ይችላል። በልምምድ ወራት ከክብደት ሥራ በኋላ ሁልጊዜ ሲዘወተር ግን የጡንቻን ማደግና መጠንከር ሊያዳክም እንደሚችል ታይቷል። ብዙ ክለቦች ውድ ማሽን ከመግዛታቸው በፊት ሊያስተካክሉት የሚገባው እንቅልፍና ምግብ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ባለሙያዎች በጨዋታ ዋዜማ፣ በጨዋታው ቀንና በማግስቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ፤ ለ60 ኪሎ ግራም ተጫዋች ከ360 እስከ 480 ግራም ማለት ነው። ከሩዝ፣ ከፓስታ፣ ከድንች ወይም ከእንጀራ ቢገኝ ለጡንቻው ልዩነቱ ትንሽ ነው። መብላቷ ግን ወሳኝ ነው።

ይህ የሚባለው በከንቱ አይደለም። ለክብደትና ለመልክ የሚሰጠው ግምት ብዙ ሴት ስፖርተኞችን ከሚያወጡት ያነሰ እንዲበሉ ያደርጋቸዋል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር በአንድ ስም ሰብስቦ አስቀምጦታል፤ በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኢነርጂ እጥረት ይባላል። አካል በቂ ነዳጅ ሲያጣ አስቸኳይ አይደለም ያለውን ሥራ ያቆማል፤ የወር አበባ ይቋረጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የተጎዳ ጡንቻ መጠገኑ ይጓተታል። በወር አበባ የሚጠፋው የብረት ማዕድን ካልተተካም ኦክስጅን የሚያመላልሰው ደም ይደክማል፤ ስለዚህ ሠላሳ ሰከንዱም ሦስት ቀኑም ይረዝማሉ።

የወር አበባ ዑደት በብቃት ላይ ያለው ተጽእኖ ራሱ ብዙ ይወራበታል። ኤማ ሄይስ የቸልሲ አሰልጣኝ በነበረችበት በ2020 ክለቡ የተጫዋቾቹን ዑደት በስልክ መተግበሪያ እየተከታተለ ልምምዱን ማስተካከል ጀምሮ ነበር። የተጠራቀሙት ጥናቶች ሲጨመቁ ግን በዑደቱ የመጀመሪያ ቀናት የሚታየው የብቃት መቀነስ በአማካይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሠንጠረዥ ከማውጣት ይልቅ እያንዳንዷን ተጫዋች ጠይቆ መመዝገብ ይሻላል። ለዘመናት በሴቶች ቡድን ውስጥ ጭምር ሳይነሳ የቆየ ጉዳይ በግልጽ መጠየቁ በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

ጉልበት

አማርኛ ብርታትንም መገጣጠሚያውንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። የሴቶች እግር ኳስ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያጣ በቅርብ ዓመታት ታይቷል። ኤሲኤል በሚል ምሕጻር የሚታወቀው፣ በጉልበት ውስጥ አጥንቶቹን በመስቀለኛ የሚያስረው ጅማት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበጠሳል። በ2022/23 የውድድር ዘመን ከአርሰናል ብቻ ቤዝ ሚድ፣ ቪቪያኔ ሚዴማ፣ ሊያ ዊሊያምሰን እና ላውራ ቪንሮይተር በዚሁ ጉዳት ከሜዳ ወጥተዋል። አሌክሲያ ፑቴያስ በ2022 የአውሮፓ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ተበጥሶባት ዘጠኝ ወር በላይ ቆይታለች። ናኦሚ ግርማም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች በ2020 ይህን መንገድ ሄዳበታለች።

ጅማቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካ ነው። ተጫዋቿ ትቆማለች፣ ወይም ትታጠፋለች፣ ወይም ከዝላይ በአንድ እግር ታርፋለች፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይሰበራል። የተቀረጹ አደጋዎችን በቪዲዮ የመረመሩ ተመራማሪዎች ጉዳቱ የሚደርሰው እግር መሬት ከነካ በኋላ በ40 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆኑን ገምተዋል። ከዚህ ውስጥ ብዙ ነገር ይመዘዛል። አደጋውን አውቆ ጡንቻን ለማዘዝ አንጎል ከዚህ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት ጉልበትን የሚያድነው ውሳኔ አይደለም፤ እግር መሬት ከመንካቱ በፊት አስቀድሞ የተወጠረ ጡንቻ ነው። ከእነዚያም ጡንቻዎች ዋነኛው፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከኋላ ይዞ የሚያስቀረው፣ ያው 51 ሰዓት የሚፈልገው የኋላ ጭን ጡንቻ ነው።

ለሴቶች ከፍተኛ አደጋ አንድ ምክንያት አልተገኘም። የአጥንት ቅርጽና ሆርሞን ይጠቀሳሉ። እነዚህ የሚለወጡ አይደሉም። የሚለወጡት ሌሎቹ ናቸው፤ ወንድ ልጅ በ14 ዓመቱ የሚጀምረውን የክብደት ሥራ ብዙ ሴቶች የሚያገኙት አድገው ነው፣ የተሻለው ሜዳ የሚሰጠው ለወንዶቹ ነው፣ ጫማው የተሠራው በወንድ እግር ልክ ነው። የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር በ2023 ባወጣው ዳሰሳ ከተጠየቁት ተጫዋቾች 82 በመቶው ጫማቸው ምቾት እንደሚነሳቸው ወይም እንደሚያሳምማቸው ተናግረዋል። በ2024 የዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ፣ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር፣ ናይኪ እና ሊድስ ቤኬት ዩኒቨርሲቲ በጋራ የጀመሩት ምርምር የሚያጠናው እነዚህን በሰው እጅ ያሉ ምክንያቶች ነው።

መልሶ መግባትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት የተመለሱ ሰዎችን የተከታተለ የኖርዌይ ጥናት እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር እንደገና የመጎዳት መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለአንድ ጨዋታ ሲባል አንድ ወር መቁረጥ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር ማግኘት ይከብዳል። አነስተኛ የሚባለው የጡንቻ ጉዳት እንኳ አይቸኩልም። ናኦሚ ግርማ በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ለቸልሲ ብትፈርምም በባት ጡንቻ ጉዳት ምክንያት የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው በማርች ነበር። በሚሊዮን የተገዛ ጡንቻም ቢሆን የሚያገግመው በራሱ ሰዓት ነው።

ስለ ታዳጊዎች የተገኘው መረጃ ተስፋ ሰጪ ነው። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 1,892 ልጃገረዶች በ125 ክለቦች ተከፍለው ለአንድ የውድድር ዘመን ተጠንተዋል። ከፊሎቹ የተለመደውን ማሟሟቂያ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ «ኢለቨን ፕላስ» የተባለውን፣ ሩጫን፣ የእግርና የወገብ ማጠናከሪያን፣ በአንድ እግር ማረፍንና መታጠፍን ያካተተ የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ሠሩ። በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት በሁለተኛው ወገን ጠቅላላ ጉዳት በአንድ ሦስተኛ፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ማሽን አይፈልግም፤ ሜዳ፣ ኳስና ታግሶ የሚያሠራ ሰው ይበቃል። የናኦሚ አባት በሳን ሆዜ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ባሰባሰቡትና «ማለዳ» በተባለው የኳስ ስብስብ ዓይነት፣ በዋሺንግተንም በፍራንክፈርትም ቅዳሜና እሑድ ወላጆች በሚያስተባብሩት ቡድን ሊሠራ የሚችል ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ወደ ግጥሚያው ለመግባት ስለሚቸኮል ነው።

በላይኛው ደረጃ ግን ጥያቄው የልምምድ ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያም ነው። በክለብ፣ በአህጉር ዋንጫና በብሔራዊ ቡድን መካከል የሚመላለሱ ተጫዋቾች ጨዋታ ሲበዛባቸው፣ በታችኛው ሊግ ያሉት ደግሞ በቂ ጨዋታና የጉዳት ሕክምና አያገኙም። ፊፍፕሮ ሁለቱንም ጎን እያነሳ የግዴታ የዕረፍት ጊዜ እንዲደነገግ ይወተውታል። በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሴቶቹ ተሳታፊ ቡድኖች ቁጥር ከ12 ወደ 16 ከፍ እንዲል ተወስኗል። በፓሪስ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛነት ያስመዘገበው 18 ተጫዋቾችን ሲሆን፣ በየጨዋታው መካከል የተሰጠው የዕረፍት ጊዜ ደግሞ የተጫዋቾቹ ዝላይ ገና ወደ ቦታው ካልተመለሰበት ከ69ኛው ሰዓት ብዙም የራቀ አልነበረም።